ስፌቱ ወደ ውጭ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ብሎክ መቶ ሰባት፣ ደረጃው ሥር ካለችው ቤት፣
እዚያ ነው መኪናዬ፤ እግሬ ረግጦ እጄ የሚገፋት።
ሥራዬ ዩኒፎርም ነው፣ መጋረጃ መቀምቀም፣
ዚፕ መለወጥ፣ ያጠረ ሱሪ ማስረዘም።
የሠላሳ ዓመት ሙያዬ ባንድ ቃል ቢደመደም፦
ስፌት መደበቅ ነው። ክሩ ከታየ፣ ሰፊው የለም።

በኅዳር አንድ ጠዋት ረቂቅ መጣች፣ ግማሽ ጸጉሯን ተላጭታ፣
የቀረውን አረንጓዴ ቀብታ፣
ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥታ
አራተኛ ፎቅ ተከራይታ፣
ጥቅል ባነር እንደ ምንጣፍ አንግታ።

ባነሩ የዘፋኟ ነው፤ ያ ኮንሰርቷ የተሰረዘ፤
ዓመት ሙሉ ምሰሶ ላይ ነፋስ የገዘገዘ፣
ሁለት ክንድ የሚሆን አፏን ግን ፀሐይ ያላደበዘዘ።

«ከዚህ ካፖርት እንስፋ።»
«ከባነር?»
«ከባነር።»
«ላብ ያፍናል፣ ይንኮሻኮሻል።»
«ይንኮሻኮሽ፤ ይናገር።»

ወዲያው ዓይኗ ምስማሩ ላይ አረፈ።
የለሚ ኮት ነው፣ የግንበኛው፤ ክርኑ የረገፈ፣
ተገልብጦ የተሰቀለ፣ ገበሩ የተገፈፈ፣
ጀርባው ላይ የኔው እጅ በጠመኔ የጻፈ፦
       ለሚ። ትከሻ 47። ቀሪ 200 ብር።

«ይሄንን ማን ሠራው?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
«አላለቀም» አልኳት፣ አፍሬ።
«እንዳትጨርሰው። ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን።
ጠመኔውንም እንዳትነካ።»
እኛ ዘንድ ገልብጦ መልበስ የሐዘን ነው፣ አለዚያም የዕብደት፤
እሷ ግን አንድ ሺህ ብር አስቀመጠች፣ ለለሚ አዲስ ልሰፋበት።
ሰጠኋት።
ብሩ ለቤት ኪራይ ሄደ።

ጥር ላይ ትርኢቷን አሳየች፤ ያላለቀ ሕንፃ ምድር ወለል፣
የሁለት ሚኒባስ መብራት በርቶ፣ አርማታው ላይ ጥላ ሲዋልል።
ቺፕስ ጠባሿ ትብለጥ የዘፋኟን ዓይኖች ደረቷ ላይ ይዛ
ወጣች፤ ሰፈሩ ሁሉ ፈዘዘ፣ እሷ አልፈዘዘች።
የታክሲ ረዳቱ ጥጋቡ የለሚን ኮት ለብሶ መጣ፤
መሐል ላይ ሲደርስ ልማድ አሸነፈውና
«ሳሪስ! ሳሪስ! አንድ ሰው!» ብሎ ተጣራ።
ያቺ አንድ ጩኸት በነጋታው ቲክቶክ ላይ
በማላውቃቸው ልጆች አፍ ስትዞር ሰማኋት።

ከዚያ ኮቱ ቦሌ ወረደ፣ መስታወት ውስጥ ተሰቀለ።
ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ።
ወረቀቷ «የረቂቅ ሥራ፤ ጨርቅ፣ ክር፣ ጠመኔ» ትላለች።
መነጽር ያደረገ ሰው ለከበቡት ያስረዳል፦
«ቀሪ ሁለት መቶ፤ ይህ እንግዲህ
ከተማው ለሠሪዎቹ ያልከፈለው ዕዳ ነው።»
አጨበጨቡ።
ዕዳውማ የለሚ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤
መልሼ ዘጋሁት።
ማን ያውቃል፣ ሰውየው የሚያውቀው ይኖራል።

ሰኔ ግም ሲል ለሚ መጣ፣ ሲሚንቶው ቅንድቡ ላይ እንዳለ።
«ኮቴስ?» አለ።
«ተሰቅሏል።»
«የት?»
ነገርኩት። ዋጋውንም ነገርኩት።
ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ የደጁን ዝናብ አየ፣
«ታዲያ እኔ ምን ልልበስ?»

ከባነሩ የተረፈው አፏ ብቻ ነበረ፤
ረቂቅ «ይሄ ይጮኻል» ብላ ትታው የቀረ።
አንድ ሌሊት ቆረጥኩ፣ ገጠምኩ፤ መርፌ ሁለቴ ተሰበረ።
«ስፌቱ ወደ ውስጥ» አለ ለሚ። «ዝናብ ክር አይቶ ነው የሚገባ።»

ዛሬ ጠዋት ጉሙ ሲነሣ ቀና አልኩ።
አምስተኛው ፎቅ ላይ፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫው ጫፍ፣
ለሚ ጎንበስ ብሎ ብሎኬት ይደረድራል፤
ጀርባው ላይ የተከፈተ ቀይ አፍ
የተሰረዘውን ኮንሰርት ለገላን ሜዳ ይዘፍናል፤
ውኃው ጥርሶቿ ላይ ይንከባለላል፣ አይገባም።

ከገበሩ ሥር፣ ማንም ከማያነበው ቦታ፣
በጠመኔ እንዲህ ይላል፦
       ለሚ። ትከሻ 46። ቀሪ 200 ብር።